ዶዘሩ ከመምጣቱ በፊት ጉሊቱን እንቁጠር

(ሆመቾ ላይ ከወጣቶች ጋር በተገናኘንበት ቀን ያቀረብኩት ንግግር ነው። መገኘት ያልቻላችሁ፣ በተለይ ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ በጽሑፍ ልቀቅልን ስላላችሁኝ እንደተናገርኩት ለጥፌዋለሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ታገሱኝና እስከ መጨረሻው አንብቡት።)



ዛሬ ስለ ሥልጣን አላወራም። ስለ መሬት ነው የማወራው፤ እሱም የገጠሩን ሳይሆን የከተማውን፣ ከከተማውም ቤትና ሱቅ ፈርሶ ባዶ የሚቀረውን። እዚያ ባዶ ቦታ ላይ ምን ይሠራበታል? ማን ይሠራዋል? ድሮ እዚያ ሲሸጥ የነበረውስ ሰው የት ይገባል? ብዙዎቻችን ይሄን ጥያቄ የምንጠይቀው ዶዘሩ ቆርቆሮውን ካነሳ በኋላ ነው። ያኔ ጥያቄ አይባልም፣ እሮሮ ነው የሚባለው።

የኮሪደር ልማት የሚባለው ሥራ በ2016 አዲስ አበባ ላይ ሲጀመር ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችኋል። ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ፣ ስንት ዘመን የኖረ ሰፈር በጥቂት ሳምንት ውስጥ ሜዳ ሆነ። ከዚያ ሥራው ወደ ክልል ከተሞች ወረደ፤ የኛዋን ሆሳዕናንም ጨምሮ። ሆሳዕና ደግሞ ከነሐሴ 2015 ወዲህ የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫ ናት። መቀመጫ የሆነ ከተማ መሬቱ ይፈለጋል። ቢሮ ይፈልገዋል፣ ባንክ ይፈልገዋል፣ ሆቴል ይፈልገዋል።

እኔ የጭቃና የአቧራ ጠበቃ አይደለሁም። መንገድ ሲሰፋ፣ ውሃ መውረጃ ሲሠራ፣ የእግረኛ መንገድና መብራት ሲገባ ደስ ይለኛል። ማታ ከሥራ ስትመለስ ጉድጓድ ውስጥ የማትገባ እህት ስትኖረኝ ለምን ይከፋኛል? ይሄን የምለው አንዳንዱ ልጅ ገና ስጀምር «ልማት ይቃወማል» ብሎ ኮሜንት እንዳይጽፍብኝ ነው። ግን ሥራው በሆሳዕና አይቆምም ብዬ አስባለሁ። ነገ ሆመቾ ይመጣል፣ ፎንቆ፣ ጃጁራ፣ ግምቢቹ፣ ሾኔ ይመጣል፤ በከምባታ በኩል ዱራሜ፣ ሺንሺቾ፣ ዶዮገና ይደርሳል። ትንሽ ከተማ ላይ ሲመጣ ደግሞ አንድ መንገድ ተነካ ማለት ገበያው በሙሉ ተነካ ማለት ነው። አዲስ አበባ አንዱ ሰፈር ቢፈርስ ሌላ መቶ ሰፈር አለ። እኛ ጋ ስንት ገበያ ነው ያለው?

እስቲ ገበያችንን እዩት። ቆጮና ቡላ በኮባ ጠቅልላ የምታመጣ እናት አለች። ቅቤ ሻጯ አለች። በርበሬ፣ ሽንኩርት፣ ጎመን የሚሸጡ አሉ። ከነሱ ጀርባ ሳሙና፣ ዘይት፣ ሚስማር፣ ጫማ የሚሸጡት ባለሱቆች አሉ። ከዚያ ልብስ ሰፊው፣ ስልክ ጠጋኙ፣ ሻይ የምታፈላዋ፣ ባለጋሪው፣ ጫኝና አውራጁ። እነዚህ ሰዎች ዝም ብለው አንድ ቦታ የተከማቹ እንዳይመስላችሁ። ከገጠር የመጣችው እናት ቅቤዋን ሸጣ ብሩን ይዛ ወደ ቤቷ አትሄድም። እዚያው ሳሙና ትገዛለች፣ ለልጇ ደብተር ትገዛለች፣ የተቀደደ ቀሚስ ታሰፋለች፣ ሻይ ትጠጣለች። የቅቤ ተራውን አንስታችሁ ሁለት ኪሎ ሜትር አርቃችሁ ስትወስዱት፣ ባልተነካው መንገድ ዳር ያለው የሳሙና ሱቅ ይደርቃል። ባለሱቁ «እኔን አልነኩኝም» ብሎ ዝም ሲል ይታየኛል፤ በሦስተኛው ወር ግን ኪራይ መክፈል ያቅተዋል። በያሆዴና በመስቀል ሰሞን፣ በከምባታ በመሳላ ሰሞን፣ ይሄ ሰንሰለት ምን ያህል ብር እንደሚያንቀሳቅስ እናንተ ከኔ በላይ ታውቃላችሁ። ለአታካና የሚሆን ቡላና ቅቤ ከየት ነው የሚገዛው? ከባንክ ሕንጻ ነው እንዴ?

ታሪክም እንይ። አዲስ አበባ ትልቁ ገበያ ድሮ አራዳ ጊዮርጊስ አጠገብ ነበር። ጣሊያን በ1928 ከተማውን ሲይዝ መሐሉን ለራሱ ሰዎች ፈለገው። ገበያውን ወደ ምዕራብ ገፍቶ የአገሬው ሰው ገበያ የሚል ስም ሰጠው። መርካቶ የምንለው ከዚያ የመጣ ነው። መርካቶ ዛሬ የምናውቀውን የሆነው የጣሊያን ፕላን ጎበዝ ስለነበረ አይደለም። ነጋዴው በተራ በተራ ራሱን አደራጅቶ፣ ከየክፍለ ሀገሩ መኪና እየሳበ፣ ለአሥርት ዓመታት ለፍቶበት ነው። ሰው ገበያ ሲነሳ «ሌላ ቦታ ይለምዳል» ሲል ይሄን ይረሳል። ይለምዳል፣ አዎ፤ ግን ለመልመድ የሚፈጀውን ዘመን ማን ይከፍላል?

ሌላ ላንሳ። ፒያሳ ላይ ከማዘጋጃ ቤቱ ፊት ለፊት ያለውን ቦታ አስታውሱ። ለባለሀብት ተሰጥቶ፣ በቆርቆሮ ታጥሮ፣ ከአሥር ዓመት በላይ ባዶውን ቆመ። የከተማው እምብርት ላይ! መጨረሻ ላይ ከተማ አስተዳደሩ ወስዶት የዓድዋ ድል መታሰቢያ ተሠርቶበት በየካቲት 2016 ተመረቀ። መታሰቢያው ያኮራናል፣ እሱ ሌላ ነገር ነው። እኔ የምላችሁ ስለ ባዶዎቹ ዓመታት ነው። በነዚያ ዓመታት አንድ ሰው እንኳ እዚያ ቦታ ላይ አንድ ኪሎ ሽንኩርት አልሸጠም። ለአንድ ትልቅ ሰው የተሰጠ ትልቅ መሬት የሱ ገንዘብ ሲቆም አብሮ ይቆማል። ለመቶ ሰው የተሰጠ መሬት ግን አሥሩ ቢያቅታቸው ዘጠናው ይቀጥላሉ።

አሁን ወደ ሕጉ ልምጣ፤ እዚህ ላይ ጆሯችሁን ስጡኝ፣ ምክንያቱም አብዛኛው ሰው የሚበላው እዚህ ነው።

ከ1967ቱ አዋጅ ቁጥር 47 ጀምሮ የከተማ መሬትና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሆነ። ከዚያ ወዲህ በየከተማው ስንትና ስንት ሰው በቀበሌ ሱቅ፣ በተከራየው በረንዳ፣ በኮንቴነር ሲነግድ ኖረ። ካርታ የለውም። ሃያ ዓመት እዚያው ቢነግድም በወረቀት የለም። መንገድ ሲሰፋ ደግሞ መጀመሪያ የሚታየው ወረቀት ነው። ካርታ ያለው ሰው ካሳ ይከራከራል፤ ካርታ የሌለው ዕቃውን ለማውጣት ይሮጣል።

ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 ላይ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው ይላል፤ በመሬቱ ላይ በጉልበትህና በገንዘብህ ያፈራኸው ግን ያንተ ነው፣ ለሕዝብ ጥቅም ሲወሰድም ተመጣጣኝ ካሳ በቅድሚያ ይከፈላል ይላል። በ2011 የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 ደግሞ አንድ ትልቅ ነገር ጨመረ። መልሶ በሚለማ አካባቢ ያሉ ባለይዞታዎች በፕላኑ መሠረት፣ በግልም ሆነ በቡድን፣ መሬታቸውን የማልማት ቅድሚያ መብት አላቸው አለ። በቡድን የሚለውን አስምሩበት። በ2016 ማሻሻያ ስለወጣለት ሁለቱን አንድ ላይ አንብቧቸው፤ ከፌስቡክ ላይ የተቆረጠ ገጽ ይዛችሁ አትከራከሩ። የከተማ ፕላን አዋጁ፣ ቁጥር 574/2000 ማለት ነው፣ የአካባቢ ልማት ፕላን የሚባል ነገር አለው። የትኛው መንገድ የት እንደሚያልፍ፣ የትኛው ብሎክ ለንግድ እንደሆነ፣ ስንት ፎቅ እንደሚፈቀድ የሚወሰነው እዚያ ላይ ነው። ሕዝብ አስተያየት የሚሰጥበት መድረክም አለው። እስቲ እውነቱን ተናገሩ፣ ከናንተ ውስጥ እንዲህ ዓይነት መድረክ ላይ ገብቶ የሚያውቅ ማን ነው? እኔ አንዴ ገብቻለሁ። አዳራሹ ውስጥ የነበሩት ሽማግሌዎችና የቢሮ ሰዎች ነበሩ። አንዲት ጉሊት ሻጭ አልነበረችም። ካርታው በፕሮጀክተር ሲታይ ሁሉም አጨበጨበ፤ ካርታው ላይ ግን ገበያው አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ ነበር። አረንጓዴ ማለት መናፈሻ ነው።

ፕላኑ ከጸደቀ በኋላ ያለው መንገድ ሊዝ ነው። በ2004 የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ለንግድ የሚሰጥ ቦታ በአዲስ አበባ እስከ 60 ዓመት፣ በሌሎች ከተሞች እስከ 70 ዓመት እንዲያዝ አስቀመጠ። ቅድሚያ ክፍያው ከጠቅላላው ከ10 በመቶ እንዳያንስ አለ። ግንባታ የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ጊዜም አለው። አሁን አስቡት። ቦታው ለጨረታ ሲወጣ የቅቤ ሻጯ ትወዳደራለች? ብቻዋን በጭራሽ። አንድ ባለ አራት ፎቅ ፈላጊ ይመጣል፣ ይወስዳል፣ ሕጋዊ ነው። ጥፋቱ ሰውዬው ላይ አይደለም፤ እኛ ያልተዘጋጀን ነን።

ታዲያ ምን ይሠራ? ሒሳብ እንሥራ። ቁጥሮቹ ምሳሌ ናቸው፣ የማንም ቦታ አይደለም።

1000 ካሬ ሜትር የጸዳ ቦታ አለን እንበል። 600ው ላይ ሕንጻ ቆመ። ከምድር ቤቱ ላይ ለደረጃ፣ ለመተላለፊያና ለሽንት ቤት 200 ቢሄድ 400 ካሬ ለንግድ ይቀራል። የተለመደው አሠራር ምንድነው? ባንክ አንድ፣ ሱፐርማርኬት አንድ፣ ካፌ አንድ። ሦስት ተከራይ። ያንኑ 400 ካሬ በ6 ካሬ ብትከፍሉት 66 ሱቅ ይወጣዋል። ባንኩስ? ሁለተኛ ፎቅ ይውጣ፤ ብር የፈለገ ሰው ደረጃ ይወጣል፣ ሽንኩርት የሚገዛ ሰው ግን ደረጃ አይወጣም። ከውጭ የቀረውን 400 ካሬ በመኪና ማቆሚያ አትሙሉት። አንድ ጉሊት ለመቀመጫና ለዕቃ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። መቶ ጉሊት 150 ካሬ፣ መተላለፊያውን እጥፍ ብታደርጉት 300 ካሬ። በላዩ ጣሪያ፣ ከሥሩ ውሃ የሚወርድበት ሲሚንቶ ወለል። የተረፈው ጋሪና አይሱዙ የሚያራግፍበት። በቃ፣ 166 ሰው ገባ።

እዚህ ላይ የሚናቁ ነገሮች አሉ። ቆጮ ውሃ ያንጠባጥባል፤ ወለሉ ተዳፋትና ቱቦ ከሌለው በሳምንት ይሸታል፣ ከዚያ «ንጽሕና አበላሹ» ተብለው ይባረራሉ። ቅቤ ፀሐይ አይወድም፤ የቅቤ ተራው ከሰዓት በኋላ ጥላ የሚያገኝ ጎን ላይ ይሁን። ሴቶች ከንጋት እስከ ምሽት የሚውሉበት ቦታ ሽንት ቤት ከሌለው ገበያ አትበሉት። የኔ እናት በርበሬ ትሸጥ ነበር፤ ሙሉ ቀን ውሃ የማትጠጣው ጾም ይዛ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ነው ምክንያቱ የገባኝ።

ሌላው ቅደም ተከተል ነው። ሁሉንም በአንድ ቀን አፍርሶ ሁለት ዓመት መገንባት ገበያን ይገድላል። ደንበኛ ሁለት ዓመት አይጠብቅም፤ ሌላ ከተማ ሄዶ ይለምዳል። በግማሽ በግማሽ ይፈርስ፤ ግማሹ ሲሠራ ሌላው ግማሽ ይሽጥ። የግድ ሁሉም መነሳት ካለበት ጊዜያዊው ቦታ በእግር የሚደረስ፣ መናኸሪያው ያልራቀው ይሁን። ተመላሾች ደግሞ ስማቸው ከመፍረሱ በፊት ግድግዳ ላይ ይለጠፍ፤ ሁሉም እያየው። ከፈረሰ በኋላ የሚዘጋጅ ዝርዝር ውስጥ ገበያውን በሕይወቱ ረግጦት የማያውቅ የባለሥልጣን የአጎት ልጅ አይጠፋም።

ገንዘቡስ? ትሉኛላችሁ። የመርካቶን ነጋዴዎች እዩ። ቦታችሁ ለትልቅ ግንባታ ይፈለጋል ሲባሉ በየተራቸው አክሲዮን ማኅበር አቋቋሙ። ድር ተራን፣ ሚሊተሪ ተራን የሚያውቅ ያውቃል። ጭቅጭቅ ነበረው፣ ክስ ነበረው፣ የዘገየም ነበረ። ግን ነጋዴው ራሱ ባለቦታ ሆኖ ቀረ። እኛ ደግሞ ዕቁብ ለማንም የማይበድር ሕዝብ ነን። 66ቱ ባለሱቆች በወር 5000 ብር ቢጥሉ በሁለት ዓመት 7 ሚሊዮን 920 ሺህ ይሆናል። ውጭ ካሉት ልጆች 50ው እያንዳንዳቸው 100 ሺህ ቢገዙ 5 ሚሊዮን። ወደ 13 ሚሊዮን ገደማ። ለአራት ፎቅ አይበቃም፤ ለሊዝ ቅድሚያ ክፍያ፣ ለንድፍና ባንክ ፊት በራስ መተማመን ለመቆም ግን መነሻ ነው። ጉሊቶቹ ከባዱን መዋጮ አይችሉም፤ እነሱ በቀን ኪራይ ይግቡ፣ ግን በማኅበሩ መተዳደሪያ ደንብ ውስጥ ቦታቸው ይጻፍ። በቃል የተሰጠ ቦታ በቃል ይወሰዳል።

ደቡብ አፍሪካ ያላችሁ፣ ይሄ ለናንተ አዲስ አይደለም። ጆሃንስበርግ ጄፒን ማን ሠራው? መንገዱ ዛሬ ራሂማ ሙሳ ተብሏል፤ እኛ ግን ጄፒ ነው የምንለው። ሜዲካል አርትስ የሚባለው ሕንጻ የሐኪሞች ክሊኒክ ነበር። ሐኪሞቹ ከመሐል ከተማ ሲሸሹ የኛ ልጆች ገብተው ክፍሉን ከፋፍለው፣ ካንዲት ቁም ሳጥን የማትበልጥ ሱቅ እየከፈቱ፣ ከመላው ደቡባዊ አፍሪካ ገዢ የሚመጣበት የጅምላ ገበያ አደረጉት። ጥቂት ካሬ ላይ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ንግድ እንደሚቆም ከሆሳዕናና ከዱራሜ ልጅ በላይ ማን ያውቃል? ታዲያ ያ ልጅ ብሩን ወደ አገር ሲልክ ምን ያሠራል? ለብቻው ባለ ሦስት ፎቅ ይጀምራል። አንዱ ፎቅ ያልቃል፣ ከላይ ፌሮው ወደ ሰማይ ቆሞ ዝገት ይበላዋል። ለብቻ ከሚዛግ ፌሮ በጋራ የሚሸጥ ሱቅ አይሻልም?

ደርባን ያላችሁ ደግሞ ዋርዊክ ያለውን የማለዳ ገበያ ታውቁታላችሁ። ከ1910 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ማለቴ ነው፣ የቆመ ገበያ ነው። በ2009 የከተማው አስተዳደር አንስቶ በቦታው ትልቅ የገበያ ማዕከል ሊሠራ ፈለገ። ነጋዴዎቹ ድንጋይ በመወርወር አልነበረም የመለሱት። ተደራጁ፣ ጠበቃ ያዙ፣ ፍርድ ቤት ሄዱ፣ እቅዱም ቀረ። የጣቢያ መንገደኛ በእግሩ የሚያልፍበት ቦታ ስለሆነ የገበያው ሕይወት እዚያ መሆኑን አስረድተው ነው።

አሁን የማይጣፍጥ ነገር ልናገር፤ በዚህ ገጽ ላይ ሊያሰድበኝ ይችላል። «ቦታው የኛ ነው፣ ሱቁ ለኛ ልጅ ብቻ ይሰጥ» የሚል ሐሳብ አይቻለሁ። አልስማማም። እዚህ ገበያ ውስጥ ከስልጤ፣ ከጉራጌ፣ ከወላይታ የመጣ፣ እዚሁ ልጅ ወልዶ ያሳደገ ነጋዴ አለ። ለእናቶቻችን ዱቤ የሚሰጠው እሱ ነው። የኛን ልጅ በጄፒ «ውጣ» ሲሉት የምንጮህ ሰዎች እዚህ ያንኑ ቃል መናገር አንችልም። ቆጠራው ሲደረግ መስፈርቱ አንድ ይሁን፤ እዚህ ቦታ ሲሸጥ ኖሯል ወይ? አዎ ከሆነ ይመዝገብ።

ደግሞ ራሳችንን እንይ። በአርከበ ሱቆችና በየሼዱ የሆነውን ታውቃላችሁ። በማኅበር ተደራጅቶ፣ «ሥራ አጥ ነኝ» ብሎ ሱቅ ተቀብሎ፣ በማግሥቱ ለሦስተኛ ሰው በአምስት እጥፍ አከራይቶ ጫት ቤት የሚውል ስንት አለ? እንዲህ የምናደርግ ከሆነ ባለሀብቱ ቢወስደው ምን ልዩነት አለው? ደንባችን ውስጥ ይግባ፤ ያልሠራበት ሰው ከስድስት ወር በኋላ ለማኅበሩ ይመልስ፣ ያወጣው ብር ይመለስለት፣ ተራው ለሚቀጥለው ይለፍ።

ስለዚህ የሚቀጥለው የገበያ ቀን ላይ ሥራ አለን። ሃያ ልጆች እፈልጋለሁ፤ ሁለት ሁለት ሆናችሁ፣ ደብተርና ሜትር ይዛችሁ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ እያንዳንዱን ሻጭ ትጠይቃላችሁ። ስም፣ ምን እንደሚሸጥ፣ ስንት ዓመት እዚህ እንደቆየ፣ ስንት ካሬ እንደያዘ፣ ውሃ ያስፈልገዋል ወይ፣ በማን ቤት ተከራይቶ እንደሆነ። እናቶችን «አንቱ» በሉ፣ ቁጭ ብላችሁ ጠይቁ፣ ከላይ ቆማችሁ እንደ ደንብ አስከባሪ አትጠይቁ፤ ትደነግጣለች፣ ዘንቢሏን ይዛ ትሄዳለች። ሳታስፈቅዱ ፎቶ አታንሱ። ስሟን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ማታ 12 ሰዓት ላይ ደብተሮቹን አንድ ላይ እንደምራለን፣ ሦስት ቅጂ እናዘጋጃለን፤ አንዱ ለማዘጋጃ ቤት በደብዳቤ ገቢ ይደረጋል፣ ማህተም ያረፈበትን ቅጂ እንይዛለን፤ አንዱ ለገበያው ሽማግሌዎች፤ አንዱ እኛ ጋ ይቆያል። የሂሳብ ትምህርት ያላችሁና የኮንስትራክሽን ተማሪዎች ከዚህ ስብሰባ በኋላ አትሂዱ፤ ወለሉንና ቱቦውን የምንሥለው ከናንተ ጋር ነው።